አምስት ከአራት የማይበልጥበት ዘይት

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ሲያስታውቁ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ባትሪና ስለ ቻርጅ ሆነ። የላስታን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ግን የታየው ሌላ ነው። ዛሬ በእጃችን ያሉት ባለማርሽ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው፤ እያረጁም ነው የሚሠሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ካምቢዮ አስወርዶ ሲንክሮናይዘር ማስቀየር ለአንድ የሚኒባስ ባለቤት የወራት ገቢ ሊበላ ይችላል። ካምቢዮውን የሚያቆየው ዘይት ግን ለአንድ ሀይሩፍ ሚኒባስ ከ3 ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ ዘይት ጥቂት ገጽ ቢጻፍ ይገባዋል።

ላስታ ለካምቢዮ አይራራም። ወልዲያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የድልብን ዳገት ወጥተው ጋሸና ሲደርሱ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከጋሸና ላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ተከዜ ወደሚነሣበት ተፋሰስ ይወርድና ኤርፖርቱን አልፎ እንደገና ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ሹፌሩ በአንድ ጉዞ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ባለው መካከል ስንት መቶ ጊዜ እንደሚመላለስ ቆጥሮት አያውቅም። እዚህ አገር የማርሽ መለስለስ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ካለ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይሰንፋል። በገና ሰሞን ተሳላሚ የጫኑ ቅጥቅጦችና ሚኒባሶች ተከታትለው ሲወርዱ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ቃላቱን ያወረሱን ጣሊያኖች ናቸው፤ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ መንገዱም ከባድ መኪናውም አንድ ላይ ሲመጡ ቃሉም አብሮ ገባ። ከዚያ በኋላ የነበሩት የፊያት ኤንትሬ ከባድ መኪና ሹፌሮች ሲንክሮናይዘር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ረግጠው፣ በመካከሉ ነዳጅ ሰጥተው፣ የሞተሩን ድምፅ በጆሮ መዝነው ነው የሚያስገቡት። የሹፌር ጆሮ ነበር ሲንክሮናይዘሩ።

ያንን ጆሮ በብረት የተካው ሰው አርል ቶምፕሰን ይባላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሐሳቡን ለጄኔራል ሞተርስ አቅርቦ በፈረንጆቹ 1928 ካዲላክ መኪኖች ላይ ወጣለት። እኔ ይህን ሰው የምወደው ሥራው ቀላል ስለሚመስል ነው። ካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹ ሁልጊዜ ተነካክተው ነው የሚዞሩት፤ እጀታውን ስንገፋ የምናንቀሳቅሰው አንዱን ማርሽ ከዘንጉ ጋር የሚያቆላልፈውን ቀለበት ነው። ቶምፕሰን ከመቆላለፉ በፊት ሾጣጣ ጠርዝ ያላቸው ሁለት አካላት እንዲፋተጉ አደረገ፤ ፍትጊያው የሁለቱን ፍጥነት ያስተካክላል፤ ፍጥነቱ ሲስተካከል ጥርሱ ያለ ጩኸት ይገባል። ዛሬ የሚፋተገው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራ ነው። ቶምፕሰን ቆይቶ በፈረንጆቹ 1939 የወጣውን ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ የሠራውን ቡድን መርቷል። ማርሽ መቀየርን ያቀለለው ሰው ማርሽ መቀየርን ራሱን አስቀረው ማለት ነው።

የዘይቱ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮ ውስጥ ያለው ዘይት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይጠበቅበታል። ለማርሾቹ ጥርስ ማንሸራተት አለበት፤ ለነሐሱ ቀለበት ደግሞ በቅጽበት ተገፍቶ ወጥቶ እንዲፋተግ መፍቀድ አለበት። ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ጥርሱን ሲጠብቅ ነሐሱን ያሳስተዋል። ማርሹ ይጮኻል፤ ሹፌሩም «ካምቢዮው አረጀ» ይላል።

ጋራዥ ውስጥ የሚያጨቃጭቀው የጂ.ኤል.-4 እና የጂ.ኤል.-5 ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። ጂ.ኤል. የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ለማርሽ ዘይት የሰጠው መለያ ነው። ሰው ቁጥሩን እንደ ክፍል ደረጃ ያየዋል፤ አምስተኛ ክፍል ከአራተኛ ይበልጣልና ጂ.ኤል.-5 የተሻለው ዘይት ይመስለዋል። ሻጭም እንዲህ ብሎ ይሸጠዋል። እውነቱ ግን ሁለቱ ለሁለት ቤት የተሠሩ መሆናቸው ነው። ፓካርድ በፈረንጆቹ 1926 ሃይፖይድ የተባለውን የዲፈረንሻል ማርሽ ሲያመጣ የመኪናው ወለል ዝቅ አለ፤ ጥርሶቹ ግን መሽከርከር ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በከባድ ጫና መፋቅ ጀመሩ። ተራ ዘይት እዚያ አይቆምም። ስለዚህ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ተጨመረ፤ ቅመሙ በሙቀት ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ብረቱ ሳይሆን ሽፋኑ ይፋቃል። ጂ.ኤል.-5 ይህ ቅመም ከጂ.ኤል.-4 እጥፍ ገደማ አለበት። ለዲፈረንሻል መድኃኒት ነው።

ለካምቢዮስ? አንደኛው ወገን «ጂ.ኤል.-5 ነሐስ ይበላል» ይላል። ድኙ ከመዳብ ጋር ስለሚዋሃድ ሽፋኑ ነሐሱ ላይ ይጣበቃል፤ በተፋቀ ቁጥር ከነሐሱ ትንሽ ትንሽ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ወገን ይህ የድሮ ታሪክ ነው ይላል፤ የዛሬ ቅመም የተገራ ነው፣ የተወለወለ የመዳብ ዝርግ በጋለ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚታይበትን ፈተናም ያልፋል ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ብዙ የቶዮታ የባለቤት መመሪያዎች ለማንዋል ካምቢዮ ጂ.ኤል.-4 ወይም ጂ.ኤል.-5 ብለው ሁለቱንም መፍቀዳቸው የሁለተኛውን ወገን ክርክር ያጠነክራል። እኔ ግን ክርክሩ ሁሉ መበላት ላይ ማተኮሩ ይቆጨኛል። ነሐሱ ባይበላም እንኳ በጣም በሚያንሸራትት ዘይት ውስጥ ቀለበቱ በጊዜ አይፋተግም። ጆሮ የሚሰማው ጩኸት፣ እጅ የሚሰማው መንገራገጭ ከዚህ ይመጣል። መመሪያው ሁለቱንም ከፈቀደ እንኳ፣ ሁለቱም ከተገኙ፣ ለላስታ ዳገት ጂ.ኤል.-4ን እመርጣለሁ። ጣሳው ላይ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ከተጻፉ ደግሞ ዘይቱ የጂ.ኤል.-5ን ቅመም የያዘ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሻጩን አልወቅስም፤ አንድ በርሜል ለካምቢዮም ለዲፈረንሻልም መሸጥ ይቀለዋል። የሚጎዳው ግን ገዢው ነው።

ሁለተኛው ነገር ውፍረቱ ነው፤ ዘጠና እና መቶ አርባ የምንለው። አንድ ማለዳ ላሊበላ ውስጥ በእድሜ የገፋ መካኒክ ካርቶን ላይ ተኝቶ የሀይሩፍ ካምቢዮ ሲከፍት ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን ፈታ። የታችኛው ቀድሞ ተፈቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው አልላቀቅ ቢል መኪናው ባዶውን ይቀራልና። ከዚያ የታችኛውን። ዘይቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ እንደ ማር እየተጎተተ ወረደ። ጣቱን ነክሮ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ጥቁሩ ዘይት ላይ ወርቅማ ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ታየዎት?» አለ ሹፌሩ።

«ነሐሱ ነው ልጄ። ሁለተኛው እየተበላ ነው። ምን ዘይት ነበር የጨመርክበት?»

«መቶ አርባ። ድምፁን ያጠፋዋል ብለውኝ።»

ድምፁንማ ያጠፋዋል። ወፍራም ዘይት ያረጀ ካምቢዮን ጩኸት ያፍናል፤ ግን በታኅሣሥ ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይሰበር፣ ነሐሱ ያን ሁሉ ዘይት ገፍቶ እስኪፋተግ ሹፌሩ እጀታውን በጉልበት ይገፋል፤ ጉልበቱ ደግሞ ቀለበቱ ላይ ያርፋል። 85ደብልዩ-140 ለዲፈረንሻል ይሁን እንጂ ለሀይሩፍ ካምቢዮ አይሆንም። ከደብልዩው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል፤ ሲያንስ ማለዳ ይቀላል። ላስታ ውስጥ 80ደብልዩ-90 አይከፋም፤ ብርዱ እንደ አውሮፓ አይደለምና። 75ደብልዩ-90 ከተገኘ ግን የመጀመሪያው ሰዓት ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል።

አይሱዙ ዘንድ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ጋራዦች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። የብዙ አይሱዙ ቀላል የጭነት መኪኖች ካምቢዮ ፋብሪካው ያዘዘለት የሞተር ዘይት ነው። «የሞተር ዘይት ካምቢዮ ውስጥ?» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ዘጠናን ከአርባ ጋር ሲያወዳድር ነው። የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው፤ 90 የተባለ የማርሽ ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ላለ ካምቢዮ ጂ.ኤል.-5 መጨመር ለመኪናው ደግ መሥራት የሚመስል ጥፋት ነው። ሞዴል ከሞዴል ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ ማየት ግድ ነው፤ መመሪያው ከጠፋም የሞዴሉን ቁጥር ይዞ መጠየቅ ይቻላል።

የላሊበላን ጠባብ ዳገቶች የያዘው ባጃጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ይጠጣሉ። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚኖር፣ ለመኪና ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የማለስለሻ ቅመም የተጨመረበት ዘይት ባጃጅን ዳገት ላይ ያንሸራትተዋል። የጃፓኑ ጃሶ ኤም.ኤ. ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት መግዛት ነው መፍትሔው። ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እዚህ አልቆይበትም፤ የራሱ ዓለም ያለው ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽና ጥቂት ዘይት አለው፤ ማርሽ መቀየር የሚባል ነገር ግን የለም።

ዘይት ከመለወጥ በፊት ግን አንድ ነገር መፈተሽ አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ ያለ ችግር የሚገቡ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን ሁሉም የሚከብዱና የኋላ ማርሽ የሚጮህ ከሆነ፣ ጥፋቱ የዘይት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ያልለቀቀ ፍሪሲዮን ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ጀሪካን ዘይት በከንቱ ተለውጧል! የሚከብደው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሁለተኛው፣ ሲንክሮናይዘሩን መጠርጠር ይገባል። ማለዳ ከብዶ ሲሞቅ የሚለሰልስ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ነው የወፈረው።

ክረምት ላይ ወንዝ ለሚሻገር መኪና ሌላ ጠላት አለ፤ ውኃ። ካምቢዮ በመተንፈሻው ይተነፍሳል፤ የጋለ ካምቢዮ ድንገት ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውኃ ይስባል። ውኃ የገባበት ዘይት የወተት ቡና ይመስላል። ያን ጊዜ ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ ያንኑ ሳምንት መለወጥ ነው። ከ2013 ክረምት ወዲህ በጦርነትና በመንገድ መዘጋት ለወራት የቆሙ የአስጎብኚ መኪኖችም ዘይታቸው ሳይታይ ወደ ሥራ መመለስ የለባቸውም፤ ቆሞ የከረመ ካምቢዮ በቀንና በሌሊት የሙቀት ልዩነት ውስጡ ያልበዋል።

ጤናማ ለሆነ ካምቢዮ ብዙ አምራቾች ከ40,000 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ያ ቁጥር ግን ለደልዳላ መንገድ ነው፣ ለላስታ ከዚያ ማሳነስ ይገባል። የሚለወጠው መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ ዘይቱ ለብ ብሎ ሳለ ነው፤ ቆሻሻው አብሮ ይወጣል። የታችኛው ቡሎን ማግኔት ካለው፣ ላዩ ላይ የተሰበሰበው እንደ ግራጫ ዱቄት ከሆነ የተለመደ ነው፤ ጣት የሚወጋ ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ተሰብሯል። አዲሱ ዘይት መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ ጫፍ መንጠባጠብ እስኪጀምር ይሞላል። በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ከኤርፖርቱ ወደ ከተማው የሚወጣውን ዳገት ይዞ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መመለስ ነው ፈተናው። እጀታው ሳይታገል ከገባ ዘይቱ ልክ ነው። ከሞቀ በኋላም የሚጮህ ከሆነ ነሐሱ አልቋልና፣ ከሚቀጥለው ገና በፊት ካምቢዮው መውረድ አለበት።