ያውቁ ኖሯል? ዱባ ውስጥ የተቀመጠ ቀለም

ከአምባሰል በስተደቡብ ካለው የሐይቅ ውሃ አንድ ጠብታ ቀድተው በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ቢያዩት፣ ሰማያዊ ብርሃን ያረፈባቸው አልጌዎች ምንም ሳይነከሩ ቀይ ሆነው ያበራሉ። ሥራው የክሎሮፊል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ይህ ጸጋ የለውም፤ አክታው ኦራሚን ኦ በተባለ የፍሎረሰንት ቀለም ሲነከር ነው በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚህ ምርመራ የኤልኢዲ ማይክሮስኮፕን ደግፏል።

የፍሎረሰንት ቀለሞች ጠላት ግን ራሱ ብርሃኑ ነው። ሲበዛባቸው ይደበዝዛሉ፤ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ መስታወት ላይ ይለጠፋሉ። ለዚህ ከተገኙት መላዎች አንዱ «አስተናጋጅና እንግዳ» የሚባለው ኬሚስትሪ ነው። ኩኩርቢቱሪል የተባለው ሞለኪውል ላይና ታቹ ተቆርጦ ውስጡ የተፈለፈለ ዱባ ይመስላል፤ ቀለሙ እዚያ ይጠለላል። ሞሃንቲና ናው የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ሮዳሚን 6ጂን ባለ ሰባት ክፍል ኩኩርቢቱሪል ከያዘ ውሃ ጋር ሲቀላቅሉት፣ ቀለሙ ብርሃንን የመቋቋም አቅሙ በእጅጉ ጨመረ። ደስ የሚለው፣ ቀለሙን ራሱን መለወጥ አላስፈለጋቸውም። እንግዳው በጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር አልታሰረምና ይገባል፣ ይወጣል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ጨውና ሌሎች ሞለኪውሎች ቦታውን ይሻሙታል።