ቫልቭን ማን ይዘጋዋል?

በአርሲ ደጋ ትራክተሩም፣ ኮምባይነሩም፣ አይሱዙውም የሚተነፍሱት በቫልቭ ነው። ካምሻፍቱ ቫልቩን ገፍቶ ይከፍተዋል፤ የሚዘጋው ግን ሞላ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ ሞላው ያን ሁሉ ጊዜ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን ያህል የሚደክም ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቴስታታ ሲወርድ ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ ሞላው ግን ሳይለካ ተመልሶ ይገባል።

«የናፍጣ ሞተር ጎቨርነር አለው፤ ከልኩ በላይ አይዞርም» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። ይህ እምነት ስንቱን ሞተር ገድሏል! ጎቨርነር የሚቆጣጠረው ናፍጣውን ብቻ ነው። ከአሰላ በጎንዴና በኢተያ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወርድ የተጫነ መኪና ከ2400 ሜትር ወደ 1700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሾፌሩ በፍጥነት ላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ካስገባ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ጎቨርነሩ ናፍጣውን ጨርሶ ቢዘጋ እንኳ ዙሩ ይጨምራል። ያን ጊዜ ሞላው ቫልቩን ሳይመልስ ፒስተኑ ቀድሞ ይደርስና ይመታዋል። በሞተር መያዝ ጥሩ ነው፤ ማርሹ ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ፍጥነቱ በፍሬን ከተቀነሰ በኋላ ይቀየር።

ሞላውን ማጠንከር መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን የጠነከረ ሞላ ካሙን ይበላል፣ ጉልበትም ይወስዳል። ስለዚህ የዱካቲው መሐንዲስ ፋቢዮ ታሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1956 በውድድር ሞተር ሳይክሉ ላይ የሚዘጋ ሌላ ካም ጨመረ። ሬኖ በ1986 በፎርሙላ ዋን ሞተሩ ሞላውን በታመቀ ጋዝ ተካ። መኪና አምራቹ ኮኒግሴግ በ2020 ባስተዋወቀው ጀሜራ በተባለ መኪና ላይ ካምሻፍቱን ራሱን አስወገደ።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የመርከብ ሞተር ነው። ወደ ጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያና ስንዴ ከሚያመጡት ዓይነት ትልልቅ መርከቦች ብዙዎቹ ካምሻፍት የላቸውም፤ የጭስ ማውጫ ቫልቫቸውን የዘይት ግፊት ይከፍተዋል፣ የታመቀ አየር ይዘጋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 100 ዙር ገደማ ስለሚዞር ለዚህ ሁሉ ጊዜ አለው። አይሱዙ ላይ ጊዜው ያጥራል፤ ቫልቩም መቀመጫው ላይ ሳይላተም በቀስታ ማረፍ አለበት። ካም ይህን በቅርጹ ብቻ ይሠራዋል፣ ኮምፒውተር ግን ለእያንዳንዱ ምት ማስላት ይኖርበታል።

ስለዚህ በአሰላ ጋራዦች ሞላ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ቴስታታ በወረደ ቁጥር ርዝመቱ በካሊፐር ይለካ፤ ያጠረው ወይም የተንጋደደው ይቀየር።