በሬዲዮ ስለምትታዘዝ የማባበያ ጀልባ፤ አነዳዷና አጠባበቋ

ሰው ዓሣን ከውሃ ለማውጣት ያላሰበው ብልሃት የለም። አንዱ መረብ ይጥላል፥ ሌላው ቅርጫት ያሰጥማል፥ ሦስተኛው ከዳር ቆሞ መንጠቆ ይወረውራል። የመንጠቆ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ ችግር አለበት፤ ይኸውም ዓሣው የሚሰማራበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የሰው ክንድ ወርውሮ ከሚያደርስበት የራቀ መሆኑ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገርና በቀረውም አውሮፓ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ከሚያጠምዱት ሰዎች ብዙዎቹ፥ መንጠቆውንና ማባበያውን ምግብ ተሸክማ ወደ ወደዱት ስፍራ የምታደርስላቸው፥ ሰው የማይቀመጥባትና ከዳር ሆነው በሬዲዮ የሚያዝዟት ታናሽ ጀልባ አላቸው። የዚህችን ጀልባ አነዳድና አጠባበቅ፥ ይልቁንም በውሃና በዓሣ ላይ ልታመጣ የምትችለውን ጥቅምና ጉዳት፥ በግዛቱ ውሃ ያለበት ሹም ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው።

አስቀድሞ የነገሩ መነሻ ይነገር። ያለ ሽቦ፥ በአየር በሚተላለፍ ኀይል ጀልባን ማዘዝ የዛሬ ሥራ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው ታላቅ የኤሌክትሪክ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ እንዲህ ያለች ጀልባ ሠርቶ አሳየ፤ በዚያውም ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብቱን በቍጥር 613,809 መዝግቦ ሰጠው። ቴስላ ይህ ብልሃት ከሁሉ ይልቅ ለጦር ሥራ ይውላል፥ አስፈሪነቱም ሕዝብን ሁሉ ወደ ሰላም ይመልሳል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ዛሬ ያው ብልሃት ጸጥ ባለ ኩሬ ላይ የተቀቀለ በቆሎ ለዓሣ ሲያደርስ ይታያል።

የአጥማጆቹንም ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ካርፕን በመንጠቆ የሚይዘው ሰው በብዙው ዓሣውን አይበላውም፤ መዝኖ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በሕይወቱ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ባለ ሐይቁም ገንዘብ የሚያገኘው ከዓሣው ሥጋ አይደለም፤ ለማጥመድ ከሚመጣው ሰው በቀን ወይም በዓመት ከሚቀበለው ክፍያ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርፕ ለባለ ሐይቁ እንደምትታለብ ላም ነው፤ ብዙ ዓመት በሕይወት እየኖረ ጥቅም ይሰጣል። ውሃው ቢበላሽ ወይም በሽታ ቢገባበት ግን የብዙ ዓመት ሀብት በጥቂት ቀን ይጠፋል። የጀልባዪቱ አጠባበቅ ከመጫወቻ ነገር አልፎ የሀብት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጀልባዪቱ አሠራር

ጀልባዪቱ በብዙው ከፕላስቲክ የተሠራች ናት፤ ርዝመቷም ከአንድ ክንድ ይበልጣል። በሆዷ ውስጥ ባትሪ፥ አንድ ወይም ሁለት ሞተር፥ ትእዛዝ የሚቀበል የሬዲዮ መሣሪያም አለ። በላይዋ ማባበያው የሚፈስስበት ሣጥን አለ፤ አዛዡ ቍልፍ ሲጫን የሣጥኑ በር ይከፈትና ምግቡ ከመንጠቆው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ዋጋዋ ከፍ ያለው ጀልባ የውሃውን ጥልቀት በድምፅ የሚለካ መሣሪያና በሳተላይት ቦታን የሚያመለክት ጂፒኤስ ይጨመርላታል፤ በዚህም ትናንት የደረሰችበትን ስፍራ ዛሬ ራሷ ፈልጋ ታገኘዋለች። የምትሄደውም አንዳንዷ በሚሽከረከር ክንፍ፥ አንዳንዷም ውሃ ስባ ወደ ኋላ በመትፋት ነው። ክንፍ ያላት የመንጠቆ ክር ይጠመጠምባታል፤ ውሃ የምትስበው ክር አይዛትም፥ ነገር ግን ሣርና ቅጠል የመሳቢያዋን ወንፊት ይደፍነዋል።

ስለ አነዳዷ

መጀመሪያ ጭነት ነው። ሠሪው ከወሰነው ክብደት በላይ አይጫንባት፤ የተጫነውም በግራና በቀኝ ይመዛዘን። አንድ ወገን የከበደባት ጀልባ መንገዷን ትስታለች፥ ማዕበልም ሲመታት ትገለበጣለች።

ሁለተኛ፥ አከፋፈቷና አዘጋግዋ ሥርዐት አለው። ሲጀመር አስቀድሞ በእጅ የሚያዘው ማዘዣ ይከፈታል፥ ቀጥሎ ጀልባዪቱ፤ ሲፈጸም ግን አስቀድማ ጀልባዪቱ ትዘጋለች፥ ማዘዣው መጨረሻ ይሆናል። ይህም ጀልባዪቱ አዛዥ ሳይኖራት ለአንድ አፍታ እንኳ እንዳትቀር ነው። ውሃ ላይም ሳትወርድ በዳር ሳለች ሞተሩ፥ መሪውና የሣጥኑ በር በትክክል መታዘዛቸው ይፈተን። በዳር የተገኘ ጕድለት ይጠገናል፤ በመካከለኛው ውሃ የተገኘ ጕድለት ግን ጀልባዪቱን ያስቀራል።

ሦስተኛ፥ የመንጠቆው ክር ከማጠንጠኛው ያለ እክል እንዲፈታ ተደርጎ ይለቀቅ። ጀልባዪቱ ክሩን በስተኋላዋ እየጐተተች ወደ ፊት ትሂድ፤ ክር ሳለባት ወደ ኋላ አትነዳ፥ ክሩ በክንፏ ይጠመጠማልና።

አራተኛ፥ ነፋስ ይመርመር። ስትሄድ ነፋስ ከኋላ የሚገፋት ጀልባ ፈጥና ትደርስና ነጂውን ታታልለዋለች፤ ስትመለስ ነፋሱን መጋፈጥ አለባትና ባትሪዋ በመንገድ ያልቃል። አስተዋይ ነጂ ከባትሪው ሲሶው ሳይነካ ወደ ዳር ይመልሳታል።

አምስተኛ፥ የሬዲዮው ሞገድ ጠባይ ይታወቅ። ቀድሞ ብዙዎቹ ጀልባዎች በ27 ወይም በ40 ሜጋኸርዝ ይታዘዙ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ባንድ ሞገድ ባዘዙ ጊዜ የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን ጀልባ ሊያስት ይችል ነበር። ዛሬ በብዙው የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ማዘዣ ከገዛ ጀልባው ጋር በራሱ ምልክት ስለሚተዋወቅ ይህ ጣጣ ቀርቷል። ነገር ግን ይህን ሞገድ ውሃና እርጥብ ቅጠል ይውጡታል። ስለዚህ የጀልባዪቱ አንቴና ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ነጂውም ከቄጤማ ወይም ከዛፍ በስተኋላ ሆኖ አይዘዝ፥ ጀልባዪቱን በዐይኑ እያየ ይንዳ እንጂ።

ትእዛዝ ሲቋረጥ የሚሆነውም አስቀድሞ ይወሰን። መልካም ጀልባ ሬዲዮው ሲጠፋባት ሞተሯን ታቆማለች፤ ጂፒኤስ ያላትም ወደ ተነሣችበት እንድትመለስ ልትደረግ ትችላለች። ትእዛዝዋን አጥታ በመካከለኛው ውሃ ብትቆም ነጂው ይታገሥ፤ ነፋስ ቀስ በቀስ ወደ አንዱ ዳር ያደርሳታል፥ ወይም ሌላ አጥማጅ እርሳስ የታሰረበት ክር አሻግሮ ወርውሮ ይስባታል። ተከትሎ በመዋኘት ላውጣት ማለት ግን የሞኝ ሥራ ነው። ድንገት የሚያገኝ ቀዝቃዛ ውሃ የብርቱን ዋናተኛ እንኳ ትንፋሽ ይነጥቃል፥ ክንዱንም ያደክማል፤ ከሥር ያለውም ሣር እግር ይይዛል። ጀልባዪቱ ከመቶ ፓውንድ ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ትገዛ ይሆናል፤ በገንዘብ የሚተካ ነገር ሁሉ ግን ርካሽ ነው፥ ነፍስ አይተካምና።

ስለ ባትሪ አጠባበቅ

የጀልባዪቱ ብርታት ባትሪዋ ነው። ባትሪውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የእርሳስ፥ ሌላው የሊቲየም ይባላል፤ ጠባያቸውም እንደ ስማቸው ይለያያል። የእርሳሱ ከባድ ነው፤ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ከሥራ እንደ ተመለሰ ወዲያው ካልተሞላ ውስጡ ይበላሻል። 12 ቮልት የተባለው የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ወደ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ሲወርድ ግን አልቋል ማለት ነው።

የሊቲየም ባትሪ ቀላልና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ያለ ልክ ከያዙት እሳት ያወጣል። በብዙ ጀልባ በሚገኘው ዓይነት እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት አያልፍም፥ ሲሠራበትም ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ለብዙ ሳምንት ሲቀመጥ ሞልቶም ባዶም አይሁን፤ በየክፍሉ 3.8 ቮልት ያህል ሆኖ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ለርሱ በተሠራ መሙያ ብቻ ይሞላ፤ የበረዶ ብርድ በነካው ጊዜ አይሞላ፤ ሰው ሳይጠብቀው ሌሊቱን ሙሉ አይተው፤ በአጠገቡም የሚቃጠል ነገር አይኑር። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ ከቶ አይሞላ።

ከሥራ በኋላ

የጀልባዪቱ ክዳን ተከፍቶ ሆዷ ይታይ፤ ጥቂት ውሃ ቢገኝ ባትሪው ተፈትቶ ይውጣና እስኪደርቅ ድረስ ትቆይ። የክንፏ ዘንግ ይመርመር፤ እንደ ፀጕር የቀጠነ ክር ቢጠመጠምበት ውሃ የሚከለክለውን መዝጊያ ይቈርጣልና። ዘንጉ ሠሪው ባዘዘው ጊዜ ቅባት ይጨመርለት። በባሕር ጨው ውስጥ የሠራች ጀልባ በንጹሕ ውሃ ትታጠብ። የተረፈ ማባበያም በሣጥኑ ውስጥ አይተው፤ ይሻግታል፥ አይጥም ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማድረቅ ነው። ጀልባዪቱ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ስትጓዝ በሆዷና በክንፏ የቀረው ጥቂት ውሃና ሣር ጠላትን ያሻግራል። ዚብራ የተባለው ባለ ዛጎል ፍጥረት ከጥቍር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ ተነሥቶ በብሪታንያ በ1824፥ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆችም በ1988 ተገኘ፤ የውሃ ቧንቧ ይደፍናል፥ ለሌላው ፍጥረት የሚሆነውንም ምግብ ይጨርሳል። በ2010 ደግሞ ግራፋም በተባለው የእንግሊዝ የውሃ ማጠራቀሚያ ሌሎች ታናናሽ የውሃ ፍጥረታትን የሚገድል ከዳንዩብ ወገን የመጣ ሽሪምፕ ተገኘ፤ ይህም በእርጥብ ዕቃ ውስጥ ብዙ ቀን በሕይወት ይቆያል። ካርፕን የሚፈጀውም በሽታ በ1998 በእስራኤልና በአሜሪካ የታወቀ ሲሆን፥ በታመመ ዓሣ፥ በውሃና በእርጥብ ዕቃ ይተላለፋል። ስለዚህ የብሪታንያ መንግሥት በ2011 ሕዝቡ ሁሉ ዕቃውን እንዲመረምር፥ እንዲያጥብና እንዲያደርቅ የሚያስተምር ዘመቻ ጀመረ። ሙቀት የሚችል ዕቃ በ45 ዲግሪ ውሃ 15 ደቂቃ ቢነከር ከእነዚህ ጠላቶች ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ለጀልባ ግን ሙቀት ኤሌክትሪኳን ስለሚጎዳ፥ በሚገባ አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ ይሻላል።

ሌላም ጉዳት አለ። ጀልባዪቱ ያለ ድካም ስለምትመላለስ አጥማጁን ወደ መብዛት ትስበዋለች፤ ዓሣው የማይጨርሰው ምግብ በሐይቁ ግርጌ ይከመራል። ያም ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክሲጅን ይበላል፤ ሞቃት ውሃ ደግሞ በባሕርዩ ኦክሲጅን አይበዛበትምና በበጋ ወራት ዓሣ ታፍኖ ይሞታል።

ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ሥርዐቱ በሁለት ወገን ይጠበቃል። ዕድሜው 13 ዓመት የሞላው አጥማጅ የመንግሥትን የመንጠቆ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ በወንዞችም ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ዓሣው የሚራባበት ወራት ስለ ሆነ ተራ ዓሣን ማጥመድ ክልክል ነው። ከዚህም በላይ የባለ ሐይቁ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለ ሐይቁም የማባበያ ጀልባን ሊፈቅድ፥ ሊወስን ወይም ፈጽሞ ሊከለክል ይችላል። ብዙዎች ከልክለዋል። አንዳንዶቹም የሌላ ሐይቅ ዕቃ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ወደ ውሃቸው እንዳይገባ ያዝዛሉ።

ለአገራችን የሚሆን ትምህርት

ይህ ነገር በሩቅ አገር የሚደረግ ስለ ሆነ አይመለከተንም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ካርፕ በቆቃ ሐይቅም አለ። ከአማዞን የመጣው እንቦጭም በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ከ1965 ጀምሮ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ታውቋል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ የተቈረጠውም ክፍል ተንሳፍፎ ሄዶ እንደ ገና ይበቅላል። ብዙ ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል፥ እርሱ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው፤ አንድን ሐይቅ ከጠላት ማንጻት የብዙ ዓመት ድካም ነው፥ ጠላትን ከዳር መከልከል ግን አንድ እርጥብ ዕቃ እንደ ማድረቅ ይቀልላል።

የጣና ታንኳ ነጂ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ታንኳውን ከደንገል አስሮ ይሠራል፤ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድም ከሥራ ሲመለስ ወደ የብስ ጐትቶ በፀሐይ ያሰጣዋል። ነገ የሚያሻግረው ዛሬ የደረቀው ታንኳ ነውና። በየሐይቁና በየወንዙ ዳር ያሉ ሹማምንትም በግዛታቸው ወደ ውሃ የሚወርደውን መረብ፥ ጀልባና ቅርጫት ሁሉ ከሌላ ውሃ የመጣ እንደ ሆነ ታጥቦና ደርቆ እንዲገባ ቢያዝዙ፥ በትንሽ ትእዛዝ ታላቅ ሀብት ይጠብቃሉ።