ለብዙ ስክሪፕቶች አንድ ነጋድራስ

በዛሬው ዘመን የንግድ ቤት ሒሳብ የሚጻፈውና የመጋዘን ዕቃ የሚቈጠረው በኮምፒዩተር መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ሠራተኞች ሱቁን ዘግተው ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ብቻውን ምን እንደሚሠራ፥ ሥራውም በትክክል ስለ መፈጸሙ ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ጠይቆ የተረዳ ነጋዴ ጥቂት ነው። ይህን የሌሊት ሥራ የሚያከናውኑት ስክሪፕት የሚባሉት አጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎች ናቸው። ኮምፒዩተሩ በጽሑፉ ላይ የሰፈሩትን ትእዛዞች ከላይ ወደ ታች በተራ ይፈጽማል፤ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አያስፈልገውም።

በምሳሌ ያህል፥ ዋና መደብሩ በመርካቶ የሚገኝ፥ በልዩ ልዩ ሰፈሮችም አራት ቅርንጫፍ ሱቆች ያሉት አንድ ዕቃ አስመጪ ቤት ቢታሰብ፥ የሌሊት ሥራው ይህን ይመስላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን አንደኛው ስክሪፕት የአራቱን ሱቆች የዕለት ሽያጭ ይሰበስባል። በ4 ሰዓት ተኩል ሁለተኛው የተሸጠውን ከመጋዘን መዝገብ ይቀንሳል። በ5 ሰዓት ሦስተኛው ባንኮች ያወጡትን የውጭ ምንዛሪ ተመን ያመጣል። በ5 ሰዓት ተኩል አራተኛው ሥራ አስኪያጁ ጠዋት የሚያነበውን መግለጫ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አምስተኛው የመዝገቡን ሁሉ መጠባበቂያ ቅጂ ወስዶ በሌላ ስፍራ ያስቀምጣል። አምስቱም በየጊዜው፥ አንዳንዴም በተለያዩ ባለሙያዎች የተጻፉ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው ሰዓት ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚህ ላይ ነው። ሰዓት የሥራውን መፈጸም አያውቅም። ሽያጩን ለመሰብሰብ 10 ደቂቃ ይበቃው የነበረው ስክሪፕት፥ በበዓል ሰሞን ገበያው ሲደራ ወይም የኢንተርኔቱ መስመር ሲዳከም 40 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛው ግን ተራው በ4 ሰዓት ተኩል ነውና ያልተሟላውን ሽያጭ ይዞ ይነሣል። በማግስቱ የመጋዘኑ መዝገብ የሌለውን ዕቃ አለ ይላል፤ ሻጩም መዝገቡን አምኖ ለደንበኛው ቃል ይገባል፥ ቀብድም ይቀበላል። ማንም አልሰረቀም፥ ማንም አልዋሸም፤ ሆኖም ደንበኛው ዕቃውን ሊረከብ ሲመጣ የሚያገኘው ባዶ መደርደሪያ ነው።

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ችግር በሚገባ ያውቀው ነበር። ብዙ ነጋዴዎች አህያና በቅሎአቸውን ጭነው በአንድነት ሲጓዙ መነሻውንና ማደሪያውን የሚወስን፥ ኬላ ላይ ስለ ቀረጥ የሚነጋገር አንድ ነጋድራስ ነበራቸው። ነጋድራሱ የሁሉን ጭነት በራሱ ጀርባ አይሸከምም፤ ማን እንደ ደረሰና ማን እንደ ቀረ ግን ያውቃል። ለስክሪፕቶችም የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ አለቃ ነው። ይኸውም አዛዥ ስክሪፕት ሊባል ይችላል።

አዛዡ ስክሪፕት ራሱ ዕቃ አይቈጥርም፥ ሒሳብም አያሰላም። ሥራው መጥራት፥ መጠበቅና መጠየቅ ነው። በሰዓት ሠሌዳው ላይ የሚጻፈው እርሱ ብቻ ሲሆን፥ ሌሎቹን አምስቱን በተራቸው የሚያስነሣቸው እርሱ ነው። በሊኑክስና በዩኒክስ ሥርዐት ማናቸውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ከ0 እስከ 255 ከሚደርሱት ቁጥሮች አንዱን ለጠራው ያስረክባል፤ 0 ማለት ሥራው ተፈጽሟል ማለት ነው፥ ሌላው ቁጥር ሁሉ ጉድለት መኖሩን ያመለክታል። አዛዡ ይህን ቁጥር ተቀብሎ 0 ሲሆን የሚቀጥለውን ይጠራል፤ ካልሆነ ግን ያቆማል፥ ወይም እንደ ሥራው ጠባይ ሌላ መንገድ ይይዛል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ባስታወቀ ጊዜ፥ ለእነርሱ በተዘጋጀው የሥራ ማዘዣ ቋንቋ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ሲያልቅ ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በቁጥሩም መሠረት የሚቀጥለው ክፍል እንዲሠራ ወይም እንዲታለፍ ማዘዝ ይቻል ነበር። በ1970ዎቹ በቤል ላቦራቶሪ ከዩኒክስ ጋር የተወለደውና እስከ ዛሬ በየሰርቨሩ የሚገኘው ክሮን ግን ከዚህ ይለያል። ክሮን የሚያውቀው ደቂቃ፥ ሰዓት፥ ቀን፥ ወርና የሳምንቱን ዕለት ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ያስነሣል፤ ከዚያ በፊት የተነሣው ይጨርስ አይጨርስ አይጠይቅም። ብዙ የንግድ ቤቶች በክሮን ወይም በዊንዶውስ የሥራ ሠሌዳ ብቻ ረክተው መቅረታቸው የሚያሳዝነውም ስለዚህ ነው።

ስክሪፕቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲተዉ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርሱ ጊትላብ በተባለው ኩባንያ ላይ የደረሰው በግልጽ ያሳያል። ይህ ኩባንያ የሶፍትዌር ሠራተኞች የሥራ ጽሑፋቸውን በኢንተርኔት የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ጃንዋሪ 31 ቀን ማታ አንድ ባለሙያ የተበላሸውን ሁለተኛውን የመረጃ ቋት ለማስተካከል ሲደክም፥ በስሕተት በዋናው ሰርቨር ላይ የነበረውን መዝገብ ደመሰሰ። ስሕተቱን አውቆ ትእዛዙን ሲያቆም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ በማንም ሊደርስ የሚችል የእጅ ስሕተት ነው። አስደንጋጩ ነገር የታየው መጠባበቂያ ቅጂው በተፈለገ ጊዜ ነው። በየዕለቱ ቅጂ እንዲወስድ የታዘዘ ስክሪፕት ነበር፤ የቅጂዎቹ ማስቀመጫ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር፥ የመረጃ ቋቱ ወደ 9.6 እትም ተሻግሮ ሳለ ቅጂውን የሚወስደው መሣሪያ የ9.2 እትም ሆኖ በመቅረቱ፥ በየዕለቱ ተነሥቶ ወዲያው ይወድቅ ነበር። በወደቀ ቁጥርም ክሮን የኢሜይል መልእክት ይልክ ነበር፤ መልእክቱ ግን የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው የተቀባዩ የፖስታ ሥርዐት አልተቀበለውም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ይጮኽ ነበር፥ ሰሚ ግን አልነበረም። ኩባንያውን ያዳነው አንድ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሙከራ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። በዚሁ ቅጂ አማካይነት አገልግሎቱ ወደ ቦታው ለመመለስ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በመካከሉ የተመዘገቡ 5000 ያህል ፕሮጀክቶች፥ 5000 ያህል አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ የደንበኞች መዝገቦች ግን ጠፍተው ቀሩ። ኩባንያው ታሪኩን ሳይደብቅ በዝርዝር ለሕዝብ ማሳወቁ የሚመሰገን ነው፤ ሌሎች ሊማሩበት የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊትላብ የባለሙያ ችግር አልነበረበትም። የጎደለው፥ ሥራው ሲያልቅ ቅጂው በእርግጥ መኖሩን፥ መጠኑም ከትናንቱ ጋር መመጣጠኑን የሚመለከት ዐይን ነበር። አዛዥ ስክሪፕት ይህን ሊያደርግ ይችላል። ቅጂ የሚወስደው ስክሪፕት 0 ብሎ ቢመለስ እንኳ አዛዡ በቃሉ ብቻ አያምነውም፤ ፋይሉን ራሱ ያያል። ትናንት 2 ጊጋባይት የነበረው ዛሬ 3 ኪሎባይት ሆኖ ከተገኘ፥ ቁጥሩ ምንም ቢል ሥራው አልተፈጸመም።

መልእክትንም በሚመለከት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዝምታ ወርቅ ነው የተባለው ለሰው እንጂ ለኮምፒዩተር አይደለም። ጉድለት ሲኖር ብቻ የሚናገር ስክሪፕት ዝም ሲል ደኅና ይሁን ሙት ይሁን አይታወቅም። ስለዚህ አዛዡ በየጠዋቱ አንድ አጭር መልእክት መላክ ይገባዋል፤ «አምስቱም ተፈጽመዋል፥ ይህን ያህል ደቂቃ ፈጅቷል፥ ቅጂው ይህን ያህል ነው» የሚል። መልእክቱ የቀረበት ጠዋት ሒሳብ ሹሙ ቡናውን ሳይጨርስ ስልክ ያነሣል። የመልእክት መብዛት ግን እንደ መቅረቱ ያህል ይጎዳል። ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ አክሲዮን ነጋዴ ላይ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ኦገስት 1 ቀን የደረሰው ይህን ያስረዳል። ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ አዲሱ ፕሮግራም ሳይጫን በመቅረቱ ኩባንያው በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሥርዐቱ ስለ ጉድለቱ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ ኢሜይሎቹ እንደ ማስጠንቀቂያ የተዘጋጁ ስላልነበሩ ማንም አላተኰረባቸውም። አምስት ስክሪፕቶች በየፊናቸው ከሚጽፉት ይልቅ አንዱ አለቃ ሁሉን አጠቃልሎ የሚጽፈው የበለጠ ይነበባል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ ደግሞ አዛዥ ስክሪፕት አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠር ነው። ክሮን 13 ወር አያውቅም፥ ጳጉሜንንም አያውቅም። «በየወሩ በ30ኛው ቀን የወሩን ሒሳብ ዝጋ» ብሎ በክሮን ማዘዝ በፈረንጅ ወር 30ኛውን ቀን ማዘዝ ነው። የወራቱን መጨረሻ ወደ ፈረንጅ ለውጦ አንድ ጊዜ መጻፍም አያዛልቅም። በ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለው በሴፕቴምበር 12 ሲሆን በ2017 ዓ.ም. ግን በሴፕቴምበር 11 ዋለ። ሐምሌ 1 ቀን በየዓመቱ በጁላይ 8 ስለሚውል የበጀት ዓመት መባቻ አያስቸግርም፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ወራት ግን በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይዛወራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አዛዡ በየሌሊቱ ይነሣል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የዕለቱን ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያሰላል፤ ወሩ የሚያልቅበት ዕለት ከሆነ የወር መዝጊያውን ስክሪፕት ይጨምራል፥ ካልሆነ ያልፈዋል። ስሌቱ በአንድ ቦታ ስለሚጻፍ ስሕተት ቢገኝበት የሚታረመው በአንድ ቦታ ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰርቨሮች የሚቈጥሩት በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ የእነርሱ እኩለ ሌሊት በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ነጋዴው «ጠዋት በ3 ሰዓት» ያለውን ባለሙያው 3 ብሎ ቢጽፈው፥ ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ተስተካክሎ ቢሆን እንኳ ሥራው በሌሊት 9 ሰዓት ይጀመራል። ከዚህም ሌላ የመብራት ጉዳይ አለ። ክሮን ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ ያለፈውን ተራ ተመልሶ አይፈጽምም። አዛዥ ስክሪፕት ግን የመጨረሻ ሥራውን በመዝገብ ስለሚይዝ፥ መብራት ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ እንዲጠራ ከተደረገ የትናንቱ መቅረቱን አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ካቆመበት መቀጠል የሚባለው ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ስክሪፕት ግማሹን ሽያጭ ከመጋዘን ቀንሶ መብራት ቢጠፋበትና እንደ ገና ከመጀመሪያው ቢነሣ፥ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስክሪፕት የፈጸመውን የደረሰኝ ቁጥር እየመዘገበ፥ የተመዘገበውን እንዲያልፍ ሆኖ መጻፍ አለበት። የዛሬው ሥራ ሳያልቅ የነገው እንዳይነሣም አዛዡ ሲጀምር የቁልፍ ፋይል ያስቀምጣል፥ ሲጨርስ ያነሣዋል። ለእያንዳንዱም ስክሪፕት የጊዜ ወሰን ይሰጠዋል፤ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየውን ያቋርጠዋል። ደግሞም የሁሉም ዕጣ አንድ መሆን የለበትም። የሽያጩ መሰብሰብ ከወደቀ መግለጫው መቆም ይገባዋል፤ የምንዛሪ ተመን ባለመምጣቱ ግን መጠባበቂያ ቅጂው ሊቀር አይገባም።

አንዳንዶች ሥራውን ሁሉ በአንድ አዛዥ እጅ ማስገባት አደጋ ነው ይላሉ፤ አዛዡ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃልና። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ይሁንና አዛዡ አጭርና ቀላል ሆኖ ከተጻፈ የሚወድቅበት ምክንያት ያንሳል፤ ከዚህም በላይ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ለሌላ ኮምፒዩተር ምልክት እንዲሰጥ፥ ምልክቱ ሲዘገይም ያ ኮምፒዩተር እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል። አምስቱ ስክሪፕቶችም ያለ አዛዡ በእጅ ሊነሡ የሚችሉ ሆነው መቆየት አለባቸው። ብዙ መቶ ሥራዎች ላሉት ትልቅ ድርጅት ደግሞ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች አሉ፤ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. በኤርቢኤንቢ ኩባንያ የተጀመረው ኤርፍሎው አንዱ ነው። ለአምስት ስክሪፕቶች ግን እርሱን ማቆም ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ መኪና እንደ መከራየት ነው።

የመጨረሻው ጥቅም ባለሙያው ሥራውን ለቅቆ በሄደ ጊዜ የሚታይ ነው። ስክሪፕቶቹ በሦስት ኮምፒዩተሮች ተበትነው፥ የይለፍ ቃላቸው በየጽሑፋቸው ተሰግስጎ፥ ሰዓታቸው በእርሱ ራስ ብቻ ተይዞ ከነበረ፥ ተተኪው ወራት ይፈጅበታል። አዛዥ ስክሪፕት ካለ ግን የቤቱ የሌሊት ሥራ ሁሉ ከነተራው በአንድ ገጽ ላይ ይነበባል፤ የይለፍ ቃሎቹም በአንድ በተጠበቀ ፋይል ይገኛሉ። ርክክቡ ሲደረግ ተተኪው ባለሙያ ሒሳብ ሹሙ ባለበት አንድ ሌሊት አዛዡን እንዲያስነሣ፥ በማግስቱም ከቅጂው ላይ መዝገቡን በሌላ ኮምፒዩተር መልሶ እንዲከፍት ማድረግ ከግማሽ ቀን የበለጠ ጊዜ አይወስድም።