ከእስር ቤት የሚመጣ ምስክርነትና የሕግ ልጓሙ

እ.ኤ.አ. በ1988 ሌስሊ ቨርነን ኋይት የተባለ እስረኛ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ የሸሪፍ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ፊት አስደንጋጭ ነገር አሳየ። የተነገረው የማያውቀው የአንድ የግድያ ተጠርጣሪ ስም ብቻ ነበር። እርሱ ግን በእስር ቤቱ ስልክ ራሱን የሕግ ባለሥልጣን አስመስሎ ወደ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በመደወል የወንጀሉን ዝርዝር ሰበሰበ። በዚህ ዝርዝር ታግዞ ተጠርጣሪው «ተናዞልኛል» ብሎ ለመመስከር የሚያግደው አልነበረም። ጉዳዩ ይፋ ከወጣ በኋላ የአውራጃው ግራንድ ጁሪ ምርመራ አካሂዶ በ1990 ባወጣው ሪፖርት የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቱን አጥብቆ ወቀሰ።

የዚህ ምስክርነት አደጋ ከጥቅሙ የሚመነጭ ነው። መስካሪው የእስር ቅነሳ፣ የክስ መሰረዝ ወይም የተሻለ አያያዝ ይጠብቃል። ተነገረ የተባለው ቃል ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የተነገረ ስለሆነ ተከሳሹ ሐሰትነቱን ለማስረዳት ይቸገራል። በአንጻሩ አንዳንድ እስረኛ የሰማውን በእውነት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሕጎች ምስክርነቱን ፈጽመው ከመከልከል ይልቅ በልጓም መያዝን መርጠዋል።

የመጀመሪያው ልጓም ይፋ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 በጂሊዮ ጉዳይ ለምስክር የተሰጠ ተስፋ ከተከሳሹ ሊደበቅ እንደማይገባ ወሰነ። ቃሉን የሰጠው ሌላ ዐቃቤ ሕግ መሆኑም ሰበብ አይሆንም።

ሁለተኛው የጠበቃ መብት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1980 በሄንሪ ጉዳይ፣ መንግሥት ክስ የተመሠረተበትን ሰው ጠበቃው በሌለበት በተከፋይ እስረኛ አማካይነት ቃል እንዲሰጥ ሊያግባባው እንደማይችል ፈረደ። ሆኖም በ1986 በኩልማን ጉዳይ፣ ሳይጠይቅና ሳይገፋፋ ዝም ብሎ ያዳመጠ እስረኛ ይህን መብት አይጥስም አለ። በተግባር ማዳመጥን ከመገፋፋት መለየት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ደጋፊ ማስረጃ ነው። ከ2012 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ማንም ሰው በእንዲህ ያለ ምስክር ቃል ብቻ ጥፋተኛ አይባልም። ወንጀሉ መፈጸሙን ብቻ የሚያሳይ ማስረጃ አይበቃም፤ ከወንጀሉ ጋር ተከሳሹን ማገናኘት አለበት። የሌላ እስረኛ ቃልም ሁለቱ በጉዳዩ ላይ አለመነጋገራቸው ካልተረጋገጠ ድጋፍ ሊሆን አይችልም።

አራተኛው ቅድመ ምርመራ ነው። የኢሊኖይ ግዛት በ2003 የሞት ቅጣት በሚያስከትሉ ክሶች ዳኛው ምስክርነቱ የሚታመን መሆኑን ከችሎቱ በፊት እንዲመረምር ደነገገ፤ በኋላም ድንጋጌውን ወደ ሌሎች ከባድ ወንጀሎች አሰፋው። ቴክሳስ ደግሞ በ2017 ዐቃቤያነ ሕግ በእነዚህ ምስክሮች መቼ እንደተጠቀሙና ምን ጥቅም እንደሰጧቸው መዝገብ እንዲይዙ አስገደደች። እንዲህ ያለው መዝገብ በየችሎቱ የሚመላለስን መስካሪ ያጋልጣል።

ያም ሆኖ ያልተጻፈ ተስፋን መያዝ አዳጋች ነው። ምስክሩ «ምንም ቃል አልተገባልኝም» ብሎ መስክሮ፣ ከፍርዱ በኋላ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ስለሆነም የልጓሙ ጥንካሬ የሚለካው በሕጉ ብዛት ሳይሆን፣ «ይህ ሰው ስለ ምስክርነቱ ምን ያገኛል?» የሚለው ጥያቄ የሌላ ሰው ነፃነት ከመወሰኑ በፊት እውነተኛ መልስ በማግኘቱ ነው።