አንድ ስንዝር ከመሬት በታች

በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ ዛፍ ቆራጭ የሚቀጠረው ጀንበር ሳትወጣ ነው። ረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ መጥረቢያ የሚያነሳም የሚያስነሳም የለም። የዛፍ ሥራ ድርጅት የሚል ሰሌዳ ፍለጋ መዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ያለው መጥረቢያ፣ ገጀራና ዶማ ይዞ የቀን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጎረቤት ይጠቁማል፣ ሰውየው ይመጣል፣ ዛፉን አንዴ ዞሮ ያየዋል፣ ዋጋ ይጠራል።

አዋሽ ላይ በአንዲት አዛውንት ግቢ እንዲህ ያለ ድርድር ሰምቼ ነበር።

«እማማ፣ ይሄማ ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

«የምትቆርጠው ነው የምትነቅለው?»

«ልቁረጠው እንጂ መንቀልማ ሌላ ሒሳብ ነው።»

«እንግዲያው ሌላውን ሒሳብ ንገረኝ፣ ልጄ። አምና የቆረጠልኝ ልጅ አንዱን ወስዶ አሥር ትቶልኝ ነው የሄደው።»

የሚነጋገሩበት ዛፍ ፕሮሶፒስ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ። አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ መካከለኛው አዋሽ የመጣው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በአሚባራ አካባቢ የነበሩትን የመንግሥት ጥጥ እርሻዎች ከነፋስ እንዲከልል፣ አፈሩንም እንዲይዝ ታስቦ። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ደርግ ሄዶ ዛፉ መስፋፋቱን ሲቀጥል ደግሞ «ወያኔ» ተባለ። የገዢዎቹን ስም በየተራ ሲወርስ የኖረ ሌላ ዛፍ አላውቅም።

ሲተከል ያለ ምክንያት አልነበረም። ማንም ውኃ ሳያጠጣው ይበቅላል፣ ጨው ያለበት አፈር አይመልሰውም፣ በሐጋይ ሁሉም ነገር ሲነድድ እሱ አረንጓዴ ነው። ሥሩ ውኃ ፍለጋ የሚወርድበት ጥልቀት ለማመን ያስቸግራል፤ አሜሪካ ውስጥ አሪዞና በሚገኝ የማዕድን ማውጫ የዚሁ ዘር ሥር 53 ሜትር ዘልቆ ተገኝቷል። ባለ 17 ፎቅ ሕንፃ ተገልብጦ ቢቀበር እንደማለት ነው።

ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት የተንጠለጠለ፣ ቢጫ፣ ጣፋጭ ነገር ነው። ፍየሉም፣ ግመሉም፣ ከብቱም፣ ከርከሮውም ይወደዋል። ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሳይላመጥ ሆድ ውስጥ አልፎ ከነማዳበሪያው መሬት ላይ ያርፋል። በመካከለኛው አዋሽ ያጠኑ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በአንድ ኪሎ የከብት እበት ውስጥ ከ2,800 በላይ ዘር መገኘቱን አስፍረዋል። ከብት ወደ ግጦሽ በሄደበት መንገድ ሁሉ ዛፉ ተከትሎ ሄደ፤ ዛሬ በአፋር ክልል የያዘው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። እሾሁ የጫማ ሶል ያልፋል፣ ጎማ ያስተነፍሳል። ኬንያ ውስጥ የባሪንጎ አርብቶ አደሮች በዚሁ ዛፍ የተነሳ መንግሥትን ከሰው በ2006 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ይዘው ነበር የሄዱት፤ ማስረጃቸው እሷ ነበረች። ፍሬውን ስትበላ ኖራ ድዷ ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ ይህ ዛፍ ግቢዎ አጥር ሥር ቢበቅል ምን ያደርጋሉ? ብዙ ሰው መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ጥላ ነዋ! በሰመራ ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ ከ40 በላይ በሚቆምበት ከተማ፣ በነፃ የመጣ ጥላ አይገፋም። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቆይ ግን አጥሩን ይገፋል፣ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ልጆቹ እግራቸውን እየተወጉ ይመጣሉ። ያኔ ቆራጭ ይጠራል።

የአዛውንቷ ጥያቄ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የፕሮሶፒስ ነፍስ ያለችው ግንዱ ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ የተኙ እምቡጦች አሉ፤ ላይኛው ሲቆረጥ ሁሉም ባንዴ ይነቃሉ። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ጉቶ ሳምንታት ሳይቆይ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፤ ቀድሞ አንድ ግንድ የነበረው ቁጥቋጦ ይሆናል፣ እሾሁም ወደ ሰው ፊት ቁመት ዝቅ ይላል። ቅድም የጠቀስኳቸው ተመራማሪዎች ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው የተቆረጡት እንዳላቆጠቆጡ አይተዋል። ለጥንቃቄ አንድ ስንዝር ቢባል አይከፋም።

ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ ስለ ግንዱ ውፍረት ብዙ አይከራከሩ፤ ግንድ መቁረጥ ቀላሉ ሥራ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ለዶማው ነው። ዙሪያውን መቆፈር፣ አፈሩን ጠርጎ አንገቱን ማጋለጥ፣ የጎን ሥሮቹን መበጠስ፣ ከዚያ በታች መቁረጥ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው በቀን ከተከፈለው ሲጣደፍ ወይም ሲያዘግም ይውላል፤ በቁርጥ ተዋውሎ ጉድጓዱ ከታየ በኋላ መክፈል ለሁለቱም ይሻላል። እንጨቱ የማን እንደሆነም አስቀድሞ ይነገር። የፕሮሶፒስ ግንድ ጥሩ ማገዶ ነው፣ ጥሩ ከሰልም ይወጣዋል፤ አንዳንዱ ቆራጭ እንጨቱን ከወሰደ ዋጋ ይቀንሳል። (ከሰሉ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ዛፉን ለመቀነስ ተብሎ በማኅበር የተደራጁ ሰዎች እንዲያከስሉት ተሞክሮ ነበር፤ በፕሮሶፒስ ስም አገር በቀሉ ግራርም አብሮ ጆንያ ውስጥ መግባቱ ነው ጣጣው።) ፍሬውን ግን ለጎረቤት ፍየል አይወርውሩ። ተለቅሞ ይቃጠል፣ ወይም ዘሩ እስኪደቅ ይፈጭ፤ የተፈጨው ለከብት መኖ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ መጥረቢያው ከመነሳቱ በፊት መብራት ኃይል ይጠራ። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

ጉድጓዱ ባዶ ሲቀር ቦታው ላይ ምን ይተከል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሰመራ የክልሉ መቀመጫነትን ከአይሳኢታ ስትረከብ ከባዶ ሜዳ የተነሳች ከተማ ናት፤ እዚያ የሚያዩት ጥላ በአብዛኛው ሰው ተክሎ ያጠጣው ነው። በቆላ ከተሞቻችን ከሚተከሉት መካከል ደግሞ ኒም ጎልቶ ይታያል። ከሕንድ አካባቢ የመጣ ነው፤ ከቅጠሉ ምሬት የተነሳ «ኪኒን» የሚሉትም አሉ። ሐጅ ያደረገ ሰው ሳያውቀው አርፎበት ይሆናል፤ ከመካ ወጣ ብሎ ባለው አረፋ ሜዳ ለሐጃጆች ጥላ ተብሎ 50,000 ያህል ኒም ተተክሏል። አፋር ውስጥ የማይጸድቅበት ምክንያት የለም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ካለፈ።

እነዚያ ሁለት ዓመታት ናቸው ሥራው። ችግኙ የሚተከለው አፋሮች ካርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሲጀምር ቢሆን ይመረጣል። ፕላስቲኩ ተቀድዶ ይውጣ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ብዙ አይቻለሁ፣ ሥሩ እዚያው ተጠምጥሞ ይቀራል። ውኃ ማታ ማታ ይጠጣ። በየቀኑ አንድ ጆግ ከመርጨት ቀን እያሳለፉ አፈሩ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል፤ ትንሽ ውኃ ላዩን ብቻ አርሶ ይተናል፣ ሥሩም ወደ ላይ ይሳባል፣ ጨውም ላዩ ላይ ይጠራቀማል። ግንዱን ሳይነካ ዙሪያውን ገንዳ ይሠራለት፣ ገንዳው ላይ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጎዝጎዝ። ፍየል እንዳይደርስበት ይታጠር። ለአጥሩ ከተቆረጠው ፕሮሶፒስ እሾሃማ ቅርንጫፍ የተሻለ ነገር አይገኝም፤ ፍሬ የሌለበት መሆኑን አይቶ ነው።

ኒሙ ካደገ በኋላ ገጀራ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲነካው አይፍቀዱ። ከተሞቻችን ውስጥ ዛፍ መከርከም ማለት አናቱን መግመጥ ሆኗል። ቅርንጫፍ አነሳሱ ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ከታች በኩል እስከ ሲሶው በመጋዝ ይቆረጣል፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፣ ቅርንጫፉም የግንዱን ቅርፊት ሳይገፍፍ ይወድቃል። የቀረችው እጀታ በመጨረሻ ትቆረጣለች፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ያበጠች ቀለበት አለችው፣ መጋዙ እሷን ሳይነካ ከፊቷ ያልፋል። ቁስሉን የምትሸፍነው ያቺ ቀለበት ናት። እሷን አስተካክላለሁ ብሎ ከግንዱ ጋር እኩል የጠረበ ሰው ዛፉን ለብስባሽና ለምስጥ አሳልፎ ሰጠው። ቆራጩን ለመፈተን ከፈለጉ «የቱ ጋ ነው የምትቆርጠው?» ብለው በጣቱ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።

አዋሽ ላይ ያየኋቸው እናት ይህን ሁሉ ንግግር አላስፈለጋቸውም። ሰውየው በሌላው ሒሳብ ተስማምቶ ቆፍሮ፣ ቆርጦ፣ ላቡን እየጠረገ ሲነሳ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው በርከክ አሉ። እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ከመሬቱ አፍ እስከ ተቆረጠው ግንድ ድረስ አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ዘረጉ። ትንሿ ጣት ከአፈሩ በላይ ወጣች።

«ጨምር» አሉት።