ሰሌዳውን ማን ይጽፈዋል?

በአውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሰሌዳ የሚመለከት መንገደኛ፣ የሚያነበውን ፊደል ማን እንደ ጻፈው አይጠይቅም። የበሩ ቁጥር ተለውጦ ያየ እንደሆነ ሻንጣውን አንሥቶ ይሮጣል እንጂ «ይህ እውነት ይሆን?» ብሎ አይመራመርም። ዛሬ ለአንባብያን ልናወጋ ያሰብነው ስለዚሁ እምነት ነው።

ቀድሞ ነገሩ ግልጽ ነበር። በኒውዮርክ ከተማ በታይምስ ስኩዌር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 የወሬ ሰሌዳ በሕንፃ ወገብ ላይ ሲተከል 14,800 አምፖሎች ነበሩት። ሠራተኞቹ ፊደሉን በእጃቸው እየለቀሙ ይደረድራሉ፤ የተደረደረውም እየተጎተተ ሲያልፍ የኤሌክትሪኩን መስመር እየነካ አምፖሎቹን ያበራል። ጸሐፊውና ሰሌዳው በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ጸሐፊው በአንድ አገር፣ ሰሌዳው በሌላ አገር ሊሆን ይችላል። በሰሌዳው ጀርባ ትንሽ ኮምፒዩተር አለች። ሰሌዳው የሸቀጥ ማስታወቂያ የሆነ እንደሆነ፣ ሥዕሉንና የሚታይበትን ሰዓት ከማዕከሉ በመረብ ተቀብላ በጎተራዋ ታኖራለች፤ ስለዚህ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ካከማቸችው እያወጣች ታሳያለች። (የአማርኛ ፊደል ያልተጫነባት እንደሆነ ግን በቃላችን ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ደርድራ ታሳፍረናለች።) የአውሮፕላን ማረፊያ ሰሌዳ ግን በትናንት ስንቅ አያድርም። በማዕከሉ መዝገብ አንድ ቁጥር ሲለወጥ በየአዳራሹ ያሉት ሁሉ ወዲያው መለወጥ አለባቸው፤ ያረጀ ወሬ መንገደኛውን ወደ ተሳሳተ በር ይሰዳልና ከባዶ ሰሌዳ ይብሳል።

መረቡ የሌላ ሰው እጅ የገባ እንደሆነስ? እ.አ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2016 በቬትናም፣ በሃኖይና በሆ ቺ ሚን ከተማ ማረፊያዎች ሰርጎ ገቦች በደቡብ ቻይና ባሕር ጠብ ምክንያት የስድብ ቃል በሰሌዳዎቹ ላይ አወጡ፤ ሠራተኞቹም መንገደኛውን በእጅ ጽሕፈት ለማስተናገድ ተገደዱ።

የ2024ቱ ጉዳት ግን ያለ ጠላት የደረሰ ነው። እ.አ.አ. ጁላይ 19 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው ማሻሻያ ስሕተት ስለ ነበረበት፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ከሥራ ወጡ። በታይምስ ስኩዌርም አንዳንዶቹ ትላልቅ ሰሌዳዎች ጨለሙ። ኩባንያው የተሳሳተውን በ78 ደቂቃ ውስጥ አነሣው፤ ይሁን እንጂ የወደቀ ኮምፒዩተር ራሱ ካልተነሣ ከመረቡ መድኃኒት ሊቀበል አይችልም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹን ሰው በአካል እየሄደ አንድ በአንድ ማስነሣት ነበረበት። ሰሌዳው ከጣራ ሥር የተሰቀለ ከሆነ ይህ መሰላል ይዞ መውጣት ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት፣ ማናቸውም ማረፊያ አንድ ተራ ሰሌዳና ጥቂት ብዕር ከመጋዘኑ ባያጣ ይበጃል። በዚያው ቀን በሰሜን አየርላንድ፣ በቤልፋስት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሠራተኞቹ ነጭ ሰሌዳ አቁመው በረራዎቹን በእጃቸው ጽፈው ነበር።